ወንድ መሆን በስድስተኛ ፎቅ

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ ፓይፕላይን ሰፈር። ከምዕራብ ኬንያ ሥራ ፍለጋ የመጣ ጎረምሳ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቷል። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷልና ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል። ጠዋት ወደ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በእግሩ ይሄዳል፤ የማታቱዋ (የሚኒባስ ታክሲዋ) ሒሳብ ምሳ ትሆነዋለች። እንግዲህ ይህ ልጅ ምን ጎደለው? የዋሆች ደመወዝ ይላሉ፣ ውሃ ይላሉ። አዋቂዎቹ ግን ነገሩን ከሥሩ ደርሰውበታል፤ የጎደለው ምክር ነው።

ደግነቱ ምክር ሞልቷል። አሜሪክስ በሚል ስም የሚታወቀው መካሪ በኬንያ ትዊተር ላይ ቅዳሜን የወንድነት ቀን አድርጎ አስለምዷል፤ ከእሱም ወዲህ መካሪው እንደ አሸን ፈልቷል። ብረት አንሳ ይላሉ። (ጄሪካኑ አይቆጠርም፤ ውሃ ስላለበት ይሆናል።) ገንዘብህን ለሴት አትበትን። ቆጥብ፣ መሬት ግዛ። ሆድህ ቢባባ እንኳ ፊትህ አይወቅ። ነጻው ምክር ያልበቃው ደግሞ ጠንከር ያለውን በኤምፔሳ ከፍሎ ይወስዳል።

ጥበቡ የዛሬ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ሎርድ ቼስተርፊልድ ከጋብቻ ውጭ ለወለደው ልጁ ለፊሊፕ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓመት ከዓመት ደብዳቤ ጻፈለት፤ እንዴት እንደሚገባ፣ እንዴት እንደሚወጣ፣ ጨዋ ሰው ድምፅ አውጥቶ እንደማይስቅ ሳይቀር። ልጁ ይህን ሁሉ ተምሮ እንደ ግንድ ደረቅ ሆኖ አረፈው፤ ከአባቱ ተደብቆም ሚስት አገባ። አባትየው ሚስት መኖሯን የሰማው ልጁ እ.ኤ.አ. በ1768 ከሞተ በኋላ ነው። ሎርዱም ሲሞት ለምራቱ በኑዛዜ ምንም አልተወላትም። እሷም ያንን ሁሉ ደብዳቤ ሰብስባ ለአሳታሚ በ1,500 ጊኒ ሸጠችው፤ መጽሐፉም በ1774 ወጣ። ምክር እንጀራ አይሆንም ያለ ማነው?

ወደ ኬንያ እንመለስ። የስካውቶች አባት ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1922 ለወጣት ወንዶች የምክር መጽሐፍ አሳትሞ፣ ታንኳህን ራስህ ቅዘፍ፣ ከአምስት ቋጥኞች ተጠንቀቅ ብሎ ነበር፦ ፈረስ (ቁማሩን ማለቱ ነው)፣ መጠጥ፣ ሴት፣ አታላይ፣ እምነት ማጣት። የቤት ኪራይ ከቋጥኞቹ ውስጥ አልገባም። እሱ ራሱ በስተርጅና የኬንያ ተራራ ትይዩ ኒየሪ ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ በ1941 እዚያው ዐረፈ። ፈረሱ ግን አልሞተም፤ አቪዬተር የሚባል ውርርድ ሆኖ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የኢምባካሲ ልጅ በጣሪያው ላይ አልፎ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፈውን እውነተኛ አውሮፕላን ሊሳፈር ስለማይችል፣ ስልኩ ውስጥ ባለው ይበርራል።

እኛም ብንሆን ከማንም አናንስም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» የሚለውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ፣ ድርሻውን ገና ከርዕሱ በሐቅ አከፋፍለውታል። የዛሬዎቹ መካሪዎች መታሰቢያውንም ገንዘቡንም ይዘው፣ ምክሩን ብቻ ለልጁ ይተዉለታል።

ማሪዮ ሽሚት የሚባል አንትሮፖሎጂስት ግን የፓይፕላይን ወንዶችን ጭንቀት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2024 መጽሐፍ አወጣ። ሰውየው ምን ነካው? ስንት የሚመከር ወንድ ባለበት ሰፈር ሄዶ እንዴት ናችሁ ብሎ ይጠይቃል!

እኔ የማቀርበው አንዲት ማሻሻያ ነው። በወሩ መጀመሪያ የሕንፃው ጠባቂ ኪራይ ሊሰበስብ ሲያንኳኳ፣ ልጁ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ዓይን ዓይኑን ይየው፣ ድምፁን ያወፍር፣ ከዚያም የሦስት ቅዳሜ ምክር ቆጥሮ ያስረክበው። ጠባቂው አልቀበልም ብሎ በሩ ላይ ጓጉንቸር ከሰቀለ፣ ምክር የጎደለው እሱ ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመዝገብ።