ሳይክል በመኪና ሲጫን

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሳይክል ለሥራም ለገበያም ይውላል፣ ማንም ዞሮ አያይም። በእኛ በሣይንት ደጋ፣ አጅባር ላይ ግን ግማሹን መንገድ ሳይክሉ ነው ባለቤቱን የሚጋልበው። ልጆች ሳለን አሮጌ ጎማ በእንጨት እየመታን የምንነዳው ወደን አልነበረም፤ ሳይክል በኪራይ ነው፣ አከራዩም ዓይኑን ከሰዓቱ አይነቅልም። ቁመቱ ኮርቻው ላይ ያላደረሰው እግሩን በብረቱ ሥር አሾልኮ ይረግጣል።

በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ በኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር መዘርጋት ስትጀምር፣ ያ ችግራችን ሄልሜትና ጠባብ ቁምጣ ለብሶ ብቅ አለ። አሁን ሳይክሉን በመኪና ጭኖ (ነዳጁን ልብ በሉ!) ሜዳ ፍለጋ የሚሄድ ዘመድ አለኝ። ለበዓል ሲመጣ፣ «እትዬ፣ ለጤናዬ ስል ሳይክል ጀመርኩ» አላት አክስታችንን።

ደረቷን ደቃች፦ «እኔን ልጄ! መኪናህን ምን አገኘብህ?»