ሐተታ በእንተ በርበሬ

የሰው ልጅ ይህን የሚታየውንና የሚዳሰሰውን ዓለም የሚያውቀው በአምስቱ ሕዋሳት፣ ይኸውም በዓይን፣ በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በአፍና በእጅ መሆኑን የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ነፍስ በደረሰው መጽሐፉ ከወሰነ ወዲህ፣ የአገራችንም የቤተ ክህነት መምህራን ጾም የአፍ ብቻ ሳትሆን የአምስቱም ሕዋሳት መሆኗን በዐውደ ምሕረት ሲያስተምሩ ከኖሩ ወዲህ፣ ቁጥሩ የጸና፣ ነገሩም የተዘጋ ይመስል ነበር። ነገር ግን ስለ ብርሃንና ስለ ድምፅ፣ ስለ ሽታና ስለ ጣዕም ያን ያህል የተመራመረ የአገራችን ሊቅ ሁሉ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ከመሶቡ ፊት ሲቀመጥ ግንባሩን ስለሚያወዛው፣ ዓይኑን ስለሚያስለቅሰው፣ አፍንጫውን ስለሚያፈሰውና ምላሱን ስለሚለበልበው ስለ በርበሬ፣ ከአምስቱ ሕዋሳት የየትኛው ርስት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ እጁን ታጥቦ መተኛቱ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዘወትር መደነቂያ ሆኖ ኖሯል።

አርስጣጣሊስን በዚህ ነገር መውቀስ አይገባም። በርበሬ ከነዘመዱ ከሚጥሚጣ ጋር የትውልድ አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በአውሮፓም በእስያም በአፍሪካም የቀመሰው ሰው አልነበረምና፣ ፈላስፋው ሕዋሳትን ሲቆጥር ዋናው ባለጉዳይ ገና ከችሎት አልቀረበም ነበር። ከዚህም የተነሣ፣ ነገሩን እስከ ፍጻሜው ለሚከታተል ሰው፣ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ዜማውን ሲደርስ፣ ከብዙ ዘመንም በኋላ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ፣ በአገሪቱ ውስጥ በበርበሬ የቀላ አንዲት ድስት ወጥ እንዳልነበረች ግልጽ ይሆንለታል። ይህን በማዕድ ዙሪያ ማንሣት ግን ጠብ ስለሚያመጣ አንባቢ በልቡ ይዞት ቢቀመጥ ይሻላል።

እንግዲህ አምስቱ ሕዋሳት በርበሬን ‹የእኔ ነው› እያሉ ሲካሰሱ የየአንዳንዳቸውን ማስረጃ መመርመር የዚህ ሐተታ ተግባር ነው። ሙግቱ የተጀመረው በርበሬ ተራ ነው። ዛላ ልትሸምት የወጣች ባለሙያ ሴት፣ ነጋዴው ‹የማረቆ ነው፣ እመቤቴ› ብሎ ሲምልላት መሐላውን እንደ ዋዛ ሰምታ፣ አንዱን ዛላ ከክምሩ መዝዛ ወደ ብርሃን ታሳየዋለች፤ ከጆሮዋ አጠገብ ነቅንቃ የፍሬውን ድምፅ ታደምጣለች፤ በጣቷ ተጭና ድርቀቱን ትለካለች፤ ሰብራም ታሸተዋለች፤ በመጨረሻ ቅንጣት ያህሉን ከምላሷ ጫፍ አኑራ ዋጋ መጠየቅ ትጀምራለች። አምስቱን ሕዋሳት በዚህን ያህል ፍጥነት ተራ በተራ ለምርመራ የሚያሰማራ ሌላ የእውቀት ሰው ይህ ጸሐፊ አላጋጠመውም፤ ስለ ሴትየዋ ጥበብ የማዕረግ ወረቀት የሰጠ ተቋም መኖሩም አልተሰማም።

ዓይን ቀድሞ ቆመና የበርበሬን ቅላት አቀረበ። ይሁን እንጂ በርበሬን የሚያቀላው ካፕሳንቲን የተባለው ቀለም ሲሆን፣ የሚያቃጥለው ግን ካፕሳይሲን የተባለ መልክ የሌለው ነገር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዛላ ውስጥ ይኑሩ እንጂ አይተዋወቁም። መልኩ ደም የመሰለ፣ ጠባዩ ግን እንደ በግ የዋህ የሆነ በርበሬ በሃንጋሪ አገር ሲሞላ፣ አረንጓዴ ቃሪያ ደግሞ ትሑት መስሎ ቀርቦ ጎልማሳ ሰው ሲያስለቅስ በየቀኑ ይታያል። ዓይን በዚህ መረታቱን ባየ ጊዜ እንባውን ለማስረጃነት ቢያቀርብም፣ ሲጣራ አብዛኛው እንባ ወጡ ከመጠንሰሱ በፊት በሽንኩርት መክተፊያ ላይ የፈሰሰ፣ ሽንኩርቱ ሲከተፍ ከሚተንነው የድኝ ዘር ካለበት ጋዝ የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ የሽንኩርቱን እንባ በበርበሬ ሒሳብ ለማስቆጠር በመሞከሩም ተገሥጾ ወጣ።

ጆሮ የዘነዘናና የሙቀጫ ድምፅ ሰምቻለሁ ብሎ ነበር። የሰማው የጎረቤትን ጓዳ እንጂ የበርበሬን ባሕርይ ስላልሆነ ክሱ ሳይነበብ ተዘጋ።

የአፍንጫ ክርክር ግን በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ቁሌቱ ሲንተከተክ፣ በርበሬውም ገብቶ ንጥር ቅቤ ሲነካው፣ ሽታው ከማድ ቤት ወጥቶ ግቢውን ያዳርስና፣ አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው በዚያ ቤት እንግዳ መኖሩን፣ የእንግዳውንም ክብር መጠን፣ ሳይጠራ ቢሄድ ምን እንደሚጠብቀው ጭምር በቅጽበት ይረዳል። ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በ2004 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ምርምር መንገዱን ከከፈተ በኋላ እንደ ታወቀው፣ በሰው አፍንጫ ውስጥ 400 ያህል ዓይነት ሽታ ተቀባዮች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱም ሽታ ከእነዚህ የተወሰኑትን በየራሱ አሰላለፍ እያነቃ ማንነቱን ያስታውቃል። ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱና ነጭ ሽንኩርቱ ከበርበሬው ጋር አብረው ተፈጭተው አንድ ዱቄት ከሆኑ በኋላ፣ አንዲት አሮጊት እናት ከዕቃው ላይ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው ‹ኮረሪማው አንሶታል› ብለው የሚፈርዱት በእነዚህ 400 ምስክሮች ቃል ነው፤ ፍርዳቸውም ይግባኝ የለውም።

አፍንጫ በዚህ ሲኮራ ሳለ ችሎቱ አንድ ፈተና አዘዘ፤ ተመጋቢው አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ይጉረስ ተባለ። ጎረሰም፤ ወዲያው ኮረሪማው ጠፋ፣ በሶብላው ጠፋ፣ የቅቤው ወዝ እንኳ ከሩቅ እንደሚሰማ ወሬ ደበዘዘ፤ ቃጠሎው ግን ከነግርማው በነበረበት ቀረ። በርበሬ በሚፈጭበት ቀን በወፍጮ ቤት ደጅ የሚያልፍ መንገደኛ ማስነጠሱም ለአፍንጫ ረዳት አልሆነውም፤ ሽታን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ አንድ፣ የፊትን ሕመም የሚያደርሰውና የሚያስነጥሰው ደግሞ ሐኪሞች አምስተኛው የራስ ነርቭ የሚሉት ሌላ ነውና። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ በዚያ ቀይ ጉም ውስጥ ቆሞ ሒሳብ ሲቀበል የማያስነጥሰውም ነርቭ ደጋግሞ በካፕሳይሲን ሲነካ እየደነዘዘ ስለሚሄድ ሲሆን፣ ይህንኑ ጠባይ አይተው ሐኪሞች ካፕሳይሲንን በሕመም ማስታገሻ ቅባት ውስጥ ይጨምሩታል።

አፍ በታላቅ ትዕቢት ገባ፤ ‹እኔ ያልቀመስኩትን በርበሬ ማን ቀመሰው?› አለ። ምላስ የምታውቃቸው ጣዕሞች ግን ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ ጨዋማና መራራ ሲሆኑ፣ የጃፓኑ ሊቅ ኪኩናዬ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም መረቅ መርምሮ ያገኘው፣ የጥሩ ቅልጥም መረቅን የሚያስታውስ አምስተኛ ጣዕም ተጨምሮባቸዋል፤ በዚህ መዝገብ ውስጥ በርበሬ ተፈልጎ ታጣ። አፍ እንግዲህ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ያሳተሙትን፣ ጣፋጩን ከጫፍ መራራውን ከሥር የሚያሰፍረውን የምላስ ካርታ አወጣ። ያም ካርታ ጀርመናዊው ሄኒግ በ1901 እ.ኤ.አ. የጻፈውን እጅግ ጥቂት ልዩነት፣ አሜሪካዊው ኤድዊን ቦሪንግ በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያወጣው ሥዕል አጉልቶ ስላሳየው ከአንባቢ አንባቢ የተላለፈ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ ጣዕም ሁሉ በምላስ ገጽ ሁሉ ይታወቃልና። ነዋሪው ሳይጠየቅ በወረቀት ላይ ድንበር መሠመሩ በምላስ ብቻ የደረሰ አለመሆኑን የዚህ ዓለም ታሪክ ያስረዳል።

እጅ በመጨረሻ ቀረበ፤ አነጋገሩም አጭር ነበር። በርበሬ ስትቀነጥስ የዋለች ሴት ማታ ጣቶቿ በውኃም በሳሙናም እንዳልበረዱላት፣ ረስታም ዓይኗን ብታሽ ምን እንደሚደርስባት አስረድቶ፣ ‹ከዚያ ላይ ምላስ ወዴት አለ?› ብሎ ተቀመጠ። ችሎቱ ለጊዜው ዝም አለ።

ለእጅ ከግማሽ በላይ የፈረደለት በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ዴቪድ ጁሊየስ ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ካፕሳይሲን የሚያርፍበትን፣ በሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ የሚገኘውን ተቀባይ አገኙት፤ ይህም ተቀባይ ለበርበሬ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ገደማ አልፎ ሥጋን ሊያበላሽ ሲቃረብ ለአንጎል ‹እሳት ነው!› ብሎ እንዲጮኽ የቆመ ነው። ካፕሳይሲን በዚያው ላይ ሲያርፍ፣ እሳት በሌለበት ያንኑ ጩኸት ያስጮኸዋል። በቀዘቀዘ ወጥ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢነከር ምንም ነገር አይመሰክርም፤ አንጎል ግን የነርቩን ቃል አምኖ ቤቱ እንደ ተቃጠለ ሰው ይታወካል፤ ገላን ለማብረድ ላብ ያወርዳል፣ ፊትን በደም ያቀላል፣ አፍንጫን ያፈስሳል። ጁሊየስም ንክኪን ከሚያጠናው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የእኛ መምህራን ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስና ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ተፈጠረ ሲሉ የእሳቱ ድርሻ በየትኛው ሥፍራ እንደ ተቀመጠ ለጠየቃቸው ተማሪ፣ ቢያንስ አንዱ ክፍል በዚህ ነርቭ ጫፍ ላይ መሆኑን ዛሬ ማሳየት ይቻላል።

ፍርዱም ስለዚህ እንዲህ ሆነ፤ በርበሬ ጣዕም አይደለም፣ ሽታም አይደለም፤ በመዳሰስ ግዛት ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር የሐሰት ምስክር ነው። አርስጣጣሊስ ራሱ መዳሰስ አንድ ሕዋስ ይሁን ወይስ ብዙ ተጠራጥሮ ነበርና ቁጥሩ ሲናጋ ብዙም የሚደነግጥ አይመስልም።

በዚህ ሙግት ውስጥ እጅግ የሚያሳዝነው የዶሮ ነገር ነው። አእዋፍም ያንኑ የእሳት ተቀባይ አላቸው፤ ሙቀትንም ያውቁበታል፤ ነገር ግን ካፕሳይሲን አያነቃባቸውም፤ ይህም በ2002 እ.ኤ.አ. ከሌላ ወፍ ሳይሆን ከዶሮ በተወሰደ ተቀባይ ተመርምሮ ተረጋግጧል። ምክንያቱንም የሚያጠኑ ሰዎች ሲያስረዱ፣ አጥቢ እንስሳ ፍሬውን በመንጋጋው ሲያደቅቅ ወፍ ግን ሳትጎዳው ውጣ ሩቅ አገር ስለምትጥለው፣ ተክሉ አንደኛውን ሊያባርር ሁለተኛዋን ሊያስተናግድ ካፕሳይሲንን እንደ ያዘ ይናገራሉ። እንግዲህ ዶሮ ግቢ ውስጥ የተሰጣውን ሚጥሚጣ እንደ ገብስ ለቅማ ብትሄድ ምንም አይሰማትም። ይህችው በርበሬ የማይነካት ፍጥረት ለፋሲካ ታርዳ፣ በአሥራ ሁለት ብልት ተከፍላ በዚያው በርበሬ ውስጥ ስትቀቀል፣ ተክሉ ሊያባርረው የፈለገው ሰው ደግሞ ዙሪያዋን ከቦ፣ እንባውን እየጠረገ፣ ‹ዘንድሮ ግሩም ሆኗል› ሲል የሚያየው ፈላስፋ ማን ማንን እንዳሸነፈ ለመወሰን ረዥም ጊዜ ያስፈልገዋል።

የአሜሪካው መድኃኒት ቀማሚ ዊልበር ስኮቪል በ1912 እ.ኤ.አ. የቃጠሎን ልክ ለማግኘት የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውኃ እያቀጠነ፣ ቀማሾች ‹አሁን አይሰማንም› እስኪሉ ድረስ ያቀርብላቸው ነበር፤ በእርሱ መለኪያ ንጹሕ ካፕሳይሲን 16 ሚሊዮን ይደርሳል። መለኪያው በእኛ ዘንድ ሥራ ላይ ሊውል ያልቻለው ቀማሹ እውነቱን ይናገራል ብሎ በመነሣቱ ነው። ባለቤቷ ‹በርበሬው በዛብዎት እንዴ?› ስትል እንግዳው ‹ኧረ የለም እመቤቴ፣ ልክ ነው› የሚለው ቃል ብዙ ምሥጢር አለው፤ አይሰማኝም ማለት ነው። አንድም፣ ተቃጥያለሁ ነገር ግን የወንድ ልጅ አፍ ይህን አይናገርም ማለት ነው። አንድም፣ ምላሴ ስለ ደነዘዘ የምለውን አላውቅም ማለት ነው። አንድም፣ ውኃ የሚል ቃል ከአፌ ሳይወጣ ብታመጪልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ ማለት ነው።

ውኃው ቢመጣም አይጠቅመውም። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ ውኃው፣ ቃጠሎው ያልደረሰበት ሥፍራ ያደርሰው እንደ ሆነ እንጂ አያወርደውም። የሚሟሟው በስብ ሲሆን፣ የወተት ፕሮቲን ደግሞ ከነርቩ ላይ አላቅቆ ስለሚወስደው፣ እናቶቻችን ከቀይ ወጥ አጠገብ አይብ ማኖራቸው ኬሚስቶች ዘግይተው የደረሱበት ትምህርት ነው። ነገር ግን አይቡ ከገበታ የሚነሣው በረቡዕና በዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን ሲሆን፣ ስንግ ቃሪያ ሙሉ አካሉን ይዞ፣ ሆዱ በሽንኩርት ተሞልቶ ከበያይነቱ መካከል የሚጋደመው ደግሞ በእነዚሁ ቀናት ነው። በዚያች የጾም ቀን፣ ቅዳሴ አስቀድሶ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የተቀመጠ እንግዳ፣ ቃሪያውን ከነጭራሹ ገምጦ፣ የፈውሱ ወተት በሥርዓት፣ የእፎይታው ቃል በኩራት ተከልክለውበት፣ ግንባሩን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ ዓይኑን ወደ ጣራ ያነሣል። ባለቤቷ አይታው፣ እንደ ወደደው ተረድታ፣ ሁለተኛ ቃሪያ ትጨምርለታለች።