መለማመጃ አውሮፕላንን ተዋጊ አድርጎ የማበላሸት ዘዴ

መለማመጃ አውሮፕላንን ተዋጊ አድርጎ በደንብ ለማበላሸት የተነሣ ጦር ከሁሉ አስቀድሞ ተስማሚ አውሮፕላን መምረጥ አለበት። ተስማሚው አዝጋሚ፣ የጀማሪን ስሕተት የሚችል፣ መሪው ቢለቀቅ እንኳ ራሱን አቅንቶ መብረር የሚወድ ነው። ይህ ሁሉ ለተማሪ በረከት ነው። ተዋጊ ግን ፈጥኖ ካልደረሰና ድንገት ካልታጠፈ ጥቅም የለውም። ስለዚህ የመለማመጃው ጠባይ ሳይነካ መትረየስ ብቻ ቢጫንበት፣ ጭነት የለመደች በቅሎን ለጉግስ እንደማሰለፍ ነውና ውድቀቱ ከወዲሁ የተረጋገጠ ነው።

ችግር የሚመጣው መለማመጃው ከልኩ በላይ ጥሩ ሆኖ የተሠራ እንደሆነ ነው። ይህ ጥፋት በአሜሪካ ተፈጽሟል። ቻንስ ቮት የተባለው ነዳፊ ከበርድሳይ ሉዊስ ጋር በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ ኩባንያ አቋቋመና (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለምድር ጦሩ ተማሪዎች የሚሆን ባለድርብ ክንፍና ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ነደፈ፤ ቪኢ-7 ተባለ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ተማሪዎች የሚለማመዱባት «ጄኒ» 90 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ተጎትታ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ከበረረች ትልቅ ነገር ነበር። ቮት ግን የፈረንሳዮቹን ስፓድ ተዋጊዎች ከሚያበረው ከሂስፓኖ ሞተር የተቀዳውን ባለ180 ፈረስ ጉልበት ራይት ሞተር አስገባበት፤ ፍጥነቱም 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ደረሰ። ማበላሸት የሚሻ ጦር እንዲህ ያለውን ነዳፊ ደጁን ባያስረግጠው ይሻለዋል።

ቀጣዩ ስልት ትዕዛዝን ማዘግየት ነው። በዚህ ረገድ ምድር ጦሩ የሚጠበቅበትን አድርጓል። አውሮፕላኑን ወደደው፣ የተሻሻለውን ዓይነት 1,000 ያህል አዘዘ፤ በኖቬምበር 1918 አንደኛው የዓለም ጦርነት አለቀ፣ ውሉም ተሰረዘ። ነገሩ እዚያው ላይ ቢያበቃ ቪኢ-7 በወጉ የተረሳ አውሮፕላን ይሆን ነበር። ነገር ግን ባሕር ኃይሉ ጣልቃ ገባ። የመጀመሪያውን በሜይ 1920 ተረከበ፤ ፍላጎቱ ከኩባንያው አቅም በላይ ስለሆነም የራሱ የአውሮፕላን ፋብሪካ ጭምር እንዲሠራ አደረገ። በጠቅላላው 128 ተሠሩ።

ለውጡ ራሱ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ ቆጣቢነቱ ግን የሚደነቅ ነው። ሁለት መቀመጫ ያለውን አውሮፕላን ባለአንድ መቀመጫ ተዋጊ ለማድረግ የፊተኛው መቀመጫ ተከደነ፤ አብራሪውም ከኋላ ካለው ቦታው ሳይነቃነቅ የተደፈነውን ጉድጓድና ረጅሙን አፍንጫ አሻግሮ ጠላቱን እንዲፈልግ ተተወ። ይህ የስልቱ ምርጥ ክፍል ነው፤ በአንድ ክዳን ብቻ የትምህርት ቤት ዕቃ የጦር መሣሪያ ሆነ። ከዚያም በውልብልቢቱ መካከል የሚተኩስ አንድ ቪከርስ መትረየስ ተገጠመ። እዚህ ላይ አበላሹ ሊጠቀምበት የሚገባ ዕድል አምልጧል። ጥይቱ የራስን ውልብልቢት እንዳይበጥስ መትረየሱ ከሞተሩ ዙር ጋር ተናብቦ መተኮስ አለበት፤ ባሕር ኃይሉም ይህን ማናበቢያ አልረሳም። የድፍረት መንገድ ካስፈለገ አርአያው ፈረንሳዊው ሮላን ጋሮስ ነው። በ1915 ማናበቢያ ሳይጠብቅ የውልብልቢቱን ጀርባ በብረት ሽብልቅ አልብሶ ቀጥታ ተኩሷል፤ የሚያልፈው ጥይት ያልፋል፣ የማያልፈው ነጥሮ ይሄዳል። ነገሩን የሚያበላሸው፣ ጋሮስ በዚህ ዘዴ የጠላት አውሮፕላኖች መጣሉ ነው።

ሌላው ስሕተት በጊዜ ምርጫ ላይ ታይቷል። የተለወጠ መለማመጃ ድክመቱ የሚጋለጠው እውነተኛ ተዋጊ ሲገጥመው ነው። ስፓድ 13 ገና በ1918 በሰዓት ከ210 ኪሎ ሜትር በላይ ይበር ነበር፤ ቪኢ-7 ከዚያ በኋላ ተዋጊ ሆኖ ሲመጣ ወደኋላ የቀረ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህን አውሮፕላን ይዞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተዋጊ ስኳድሮኖች ቪኤፍ-1ንና ቪኤፍ-2ን ያስታጠቀው ጠላት በጠፋበት በሰላም ዘመን ነው። ማንም ሊፈትነው አልመጣም። ለአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ከዚህ የተሻለ መከላከያ አልተገኘም።

አውሮፕላኑ ለምድር ሜዳ ተብሎ ከተሠራ ደግሞ ወደ ባሕር መውሰድ ነው። አንዳንዱ ቪኢ-7 በጎማ ፋንታ ተንሳፋፊ እግር ተተከለለት። ባለአንድ መቀመጫው ቪኢ-7ኤስኤፍ ባሕር ላይ ቢወድቅ እንዳይሰጥም የሚነፋ የአየር ከረጢት ተሰጠው፤ መውደቁን አስቀድሞ የተቀበለ ንድፍ መሆኑ ሊመሰገን ይገባል። ለማረፊያነት የታሰበችውም መርከብ ከአውሮፕላኑ ጋር የምትመጣጠን ነበረች። ላንግሊ ቀድሞ ጁፒተር የምትባል የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ስትሆን፣ ላይዋ በጠፍጣፋ መድረክ ተሸፍኖ በማርች 1922 የአሜሪካ የመጀመሪያዋ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሆነች። እንግዲህ የተለወጠ መለማመጃ በተለወጠች የከሰል መርከብ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ኦክቶበር 17 ቀን 1922 ላንግሊ በቨርጂኒያ ዮርክ ወንዝ መልሕቋን ጥላ ሳለ፣ ሌተናንት ቨርጂል ግሪፊን ቪኢ-7 ይዞ ከመድረኳ ለመነሣት ተዘጋጀ። አውሮፕላኑ ፍሬን የለውም። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሳያገኝ እንዳይንደረደር በሽቦ ከመድረኩ ጋር ታሰረ፤ የሽቦው ጫፍ ላይ ቦምብ የሚለቅ መንጠቆ ተገጠመ። ጭራውም ወደ ታች እንዳይዘቅዝቅ በቋሚዎች ላይ በተዘረጋ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ፤ ከመነሻው የበረራ አቋም እንዲይዝ። ግሪፊን ምልክት ሰጠ፣ መንጠቆው ተለቀቀ፣ አውሮፕላኑ ወጣ። ከአሜሪካ ተሸካሚ መርከብ የተነሣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህ ነው። ሽቦውን በወቅቱ አለመልቀቅ፣ ወይም ጭራውን መድረኩ ላይ እየጎተቱ መሄድ፣ ሥራውን ሊያበላሽ ይችል ነበር፤ ሁለቱንም አላደረጉም።

ዘጠኝ ቀን ቆይቶ በላንግሊ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያረፈው ጎድፍሬይ ሼቫሊየር የተጠቀመውም ኤሮማሪን 39ቢ የተባለ መለማመጃ ነበር። ሼቫሊየር በተከታዩ ወር ቪኢ-7 ሲያበር ወድቆ ባገኘው ጉዳት ሞተ። ለጀማሪ የሚራራ አውሮፕላን ለሁሉም እንደማይራራ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

የመጨረሻው ምክር ማቆየት ነው። ቪኢ-7 ለጊዜው ተብሎ ገብቶ በ1927 እንኳ ሦስቱ በላንግሊ ላይ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ሁሉም ከአገልግሎት ወጡ። በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ አንድ ጠላት ያልገጠመ ተዋጊ እንደመሆኑ መዝገቡ ንጹሕ ነው።

ምክሩን ከሞላ ጎደል በትክክል የተከተሉት እንግሊዞች ናቸው። ታይገር ሞዝ በ1931 የበረረ ባለድርብ ክንፍ መለማመጃ ሲሆን፣ ሞተሩ 130 የፈረስ ጉልበት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ከቪኢ-7 የሚሻለው በጥቂቱ ብቻ ነው። ጊዜውም ተስማሚ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀምሮ ጠላት አለ፣ የጠላትም ተዋጊ ሜሰርሽሚት 109 በሰዓት ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዲሴምበር 1939 ስድስት ቡድኖች በእነዚህ አውሮፕላኖች የባሕር ዳርቻ ይጠብቁ ጀመር። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲበሩ መሣሪያቸው የምልክት ሽጉጥ ነበር። ዓላማው የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ አይቷቸው እንዲጠልቅ ነው። ሬዲዮ ስለሌላቸውም ባሕር ላይ ቢያርፉ ርዳታ የሚጠሩላቸው ሁለት ርግቦች በቅርጫት ተሸክመው ይወጡ ነበር። አንዳንዴ አንድ አነስተኛ ቦምብ ቢይዙም በውጊያ ላይ ስለመጣሉ የተመዘገበ የለም።

በ1940 የጀርመን ወረራ ሲፈራ ዕቅዱ ሰፋ። 350 ያህል ታይገር ሞዝ እያንዳንዳቸው 9 ኪሎ የሚመዝኑ ስምንት ቦምቦች ተሸክመው ወራሪውን እንዲመቱ ታሰበ፤ ብዙዎቹን የሚያበሩትም ልምድ የሌላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ለውጡ የተሟላው ግን በማጭዱ ነው። በአውሮፕላኑ ላይ ማጭድ መሰል ስለት ተገጥሞ በአየር ላይ የሚወርዱትን ፓራሹተኞች ጥላ እንዲቀድ ተሞከረ። ይህ አውሮፕላን ሲነደፍ የላይኛው ክንፍ መሐል ወደፊት ተገፍቶ፣ ክንፎቹም ወደኋላ እንዲያዘነብሉ የተደረገው የፊተኛው መቀመጫ አስተማሪ ፓራሹቱን ታጥቆ በቀላሉ መውጣት እንዲችል ነበር። ፓራሹት ላለው ሰው መንገድ ለመክፈት የተሠራን አውሮፕላን ፓራሹት ቀዳጅ ለማድረግ ከዚህ የራቀ ለውጥ ማሰብ ይከብዳል። ሙከራው እንደሚሠራ አሳየ፤ ሹማምንቱ ግን አልተቀበሉትም።

በክንፎቹ ሥር የአይጥ መርዝ ዱቄት መበተኛ ሰቅሎ በወራሪ እግረኛ ላይ የመርጨትም ሐሳብ ተሞክሯል። ወረራው አልመጣም፣ ታይገር ሞዝም ወደ ማስተማሩ ተመለሰ። ብተናው ግን ከጦርነቱ በኋላ በኒውዚላንድ ቀጠለ፤ ጦሩ የሸጣቸው ታይገር ሞዞች በኮረብታማ የግጦሽ መሬት ላይ ማዳበሪያ ይበትኑ ነበር።