ብስኩት የለመደ ጭላዳ

ተረት ተረት። የላም በረት ብላችሁ ተቀበሉኝ። እንደ ወጉ ቢሆን ሲያልቅ «አፌን በዳቦ አብሱ» ማለት ነበረብኝ፤ የዛሬው ተረት ግን ዳቦና ብስኩትን የሚያማ ስለሆነ እሱ ይቅርብኝ።

በመንዝ፣ ጓሳ በሚባለው ውርጫማ ደጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ የጭላዶች አገር ነበረ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ከሣርም ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት የለውም። ሌሊቱን ገደል ላይ ተለጥፎ ያድራል። ሲነጋ ወደ አፋፉ ይወጣና ደረቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቆዳ ፀሐይ እስክታሞቅለት ይቀመጣል። ከዚያ በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን እየመረጠ ሲነጭ፣ በሁለት እጁ ሲጎርስ ይውላል። በክረምት ለምለሙን ቅጠል፣ በበጋ ሜዳው ሲደርቅ መሬቱን ቆፍሮ ሥሩን። ቀይ ቀበሮም በመካከላቸው እየተንጎራደደ አይጥ ያድናል። ጭላዶቹ አይሸሹትም፣ እሱም ልጆቻቸውን አይነካም፤ አይጦቹ በመንጋው መሀል ሲሆን ልብ ስለማይሉት ጉርብትናው ተመችቶታል።

ጭላዶቹ አንድ ሕግ ነበራቸው። ከአፋፉ በላይ ያለው፣ ሥር የበዛበት መስክ ከሐምሌ እስከ ጥር አይነካም። በየተራ ይጠበቃል፤ የሚከፈተው ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ነው። ይህን ከሰው ነው የተማሩት ይባላል። የመንዝ ሰዎች «ቄሮ» በሚሉት ሥርዓታቸው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ (ለዝናብ ልብስ) የሚሆነውን የጓሳ ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ጠባቂ መርጠው፣ በችግር ጊዜ ይከፍቱት ነበርና። ጭላዶቹ በበኩላቸው «ሰው ነው ከእኛ የተማረው» ይላሉ። እኔ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ካፈረሰው በኋላ ግን ሰዎቹ በሌላ ስምና በሌላ አደረጃጀት ሕጉን መልሰው ለማቆም ብዙ መድከማቸውን ጭላዶቹ ከአፋፉ ሆነው አይተዋል።

የመስኩ ሹም እመት ሥሬ የምትባል አሮጊት ነበረች። ደግ አልነበረችም። ምላሷ ከጥፍሯ አያንስም፤ ተራውን ያልጠበቀ ወንድ ጎፈሬው ተነጭቶ ሲሄድ የታየው ከአንዴም ሁለቴ ነው።

አንድ ዘመን መንገድ መጣ። መንገዱን አልወቅስም፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተራራ ከምትሻገር በመኪና ብትሄድ ይሻላል። የተረታችን ጣጣ የጀመረው ከመኪናው መስኮት ነው። አንድ ተጓዥ ፎቶ ሊያነሳ ቆመና ብስኩት ወረወረ። ብስኩቱን ያነሳው ከወንዶቹ ሁሉ ደረቱ ይበልጥ የቀላው አያ ጎፈር ነበር። ሲቀምሰው ዓይኑን ጨፈነ። ግማሽ ቀን ነጭቶ የሚያገኘውን በአንድ ጉርሻ አገኘው። በማግስቱ ቤተሰቡን ይዞ የመንገዱ ጥምዝ ላይ ሰፈረ።

ወሬው አዋሽ ድረስ ተሰማ። ከበረሃ አንድ ዝንጀሮ መጣ፤ መንገድ ዳር ተወልዶ መንገድ ዳር ያደገ። «ባለሙያ ነኝ» አለና ሥልጠና ሰጠ። አበል የሚከፍለው ሠልጣኙ መሆኑ ብቻ ከምናውቀው ሥልጠና ይለየዋል።

«ሣር መንጨት ኋላ ቀርነት ነው» አለ ዝንጀሮው። «ቀኑን ሙሉ አጎንብሳችሁ ትውላላችሁ። የእኔ ዘዴ የሚፈልገው አንድ እጅና አንድ ፊት ብቻ ነው። እጅ እንዲህ ይዘረጋል፤ ፊት እንዲህ ይከፋል። ልጅ ያላት ከፊት ትቀመጥ።»

ከአምስት ብስኩት አንዱን ለራሱ እያስቀረ ሥልጠናውን ቀጠለ። እውነት ለመናገር ዘዴው ሠርቷል። የጥምዙ ጭላዶች ወፈሩ፤ ጸጉራቸው አበራ። ከሜዳው የሚወርደውም በየሳምንቱ በዛ።

ግን አንድ ያልታሰበ ነገር መጣ። ሣር ለጠብ አይመችም። አንዲት ሰበዝ ልቀማ ብሎ የሚጋደል የለም፤ ከጎኗ ሌላ አለች፣ ከእሷም ጎን ሌላ። መቶዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው በሰላም የሚውሉት ስለተቀደሱ ሳይሆን የሚነጠቅ ነገር ስለሌለ ነው። ብስኩት ግን አንድ ነው፤ የሚወድቀውም አንድ ቦታ ነው። ጉልበት ያለው ያነሳዋል፤ የሌለው ዙሪያውን ይዞራል። ስለዚህ ጥምዙ ላይ ጌታና ሎሌ ተፈጠረ። አያ ጎፈር መኪና የሚቆምበትን ድንጋይ የእኔ ነው አለ። ድንጋዩ ላይ መቀመጥ የፈለገ ጸጉሩን አበጥሮለት፣ ቅማሉን ለቅሞለት፣ አስፈቅዶ ሆነ። በሜዳው ሳለ ጸጉር መለቃቀም የፍቅር ነገር ነበር፤ ጥምዙ ላይ ኪራይ ሆነ።

እመት ሥሬ አንድ ቀን ወረደች።

«ምነው መጣሽ? ጠልተሽን አልነበረም?» አላት አያ ጎፈር። ደግሞም ብስኩት ሰጣት።

በላችው። «ይጣፍጣል» አለች።

«ታዲያስ!»

«አይጣፍጥም ያለ ማነው? ራቴን መቼ እንደምበላ የሚያውቀው ሾፌሩ ሲሆን ነው ያልወደድኩት። ለመሆኑ ይሄ ልጅህ መቆፈር ያውቃል?»

«ምን ሊያደርግለት?»

አልመለሰችለትም። ፍርፋሪውን ከጣቷ ልሳ ወደ አፋፉ ወጣች።

ከወጣቶቹ አንዱ ደግሞ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። «ብስኩቱም ይቅር፣ መንጋውም ይቅር፤ እኔ ብቻዬን ገደል ይዤ፣ ሣሬን በልቼ፣ ራሴን ችዬ እኖራለሁ» አለ። ብዙዎች አደነቁት። እመት ሥሬ ግን ሳቀችበት። «ሣር ስትነጭ የምታየው መሬቱን ነው። ነብሩን ማን ያይልሃል?» አለችው። ተቆጥቶ ሄደ። ከጥቂት ሌሊት በኋላ የተመለሰው ከጅራቱ እኩሌታ ጋር ነበር፤ እኩሌታውን ነብር አስቀርቶት። ከዚያ ወዲህ ስለ ራስ መቻል ሲወራ ዝም ብሎ ይነጫል። ይህን ወጣት እወደዋለሁ፤ በከተማም የሚመስሉትን አውቃለሁ።

ሐምሌ መጣ። መስኩን ለመዝጋት ጉባኤ ሲጠራ ጥቂት አሮጊቶችና ያ ጅራተ ጎራዳ ብቻ ተገኙ። ለዘብ የሚበቃ ሰው፣ ማለቴ ጭላዳ፣ ጠፋ። በአንዱ ወገን ሲጠብቁ በሌላው ወገን ከብት ገባ። ቀይ ቀበሮም መንጋው ሲሳሳ መሸሸጊያ አጣ፤ አይጦቹ ከሩቅ እያዩት ጉድጓዳቸው ይገባሉ። እሱን ለምን እንደሚርበው የጠየቀው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ጥር ላይ መኪኖቹ ሳሱ። በወዲያኛው ሸንተረር አቋራጭ አስፋልት ተከፍቶ ነበር። ለጭላዶቹ የነገራቸው የለም፤ ማንስ ይነግራቸዋል? አያ ጎፈር ድንጋዩ ላይ እጁን ዘርግቶ ዋለ፤ በማግስቱም ዋለ። ዝንጀሮው «ገበያውን አጥንቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ አዋሽ ወረደ። ጊዜው ክረምት ቢሆን ኖሮ ሜዳው ያበላቸው ነበር። የካቲት ግን ለምለም ሣር የለውም፤ ምግቡ ሁሉ ከመሬት በታች ነው። የጥምዙ እናቶች ቆፈሩ፤ ጣታቸው ስለለሰለሰ ደማ። እዚያ የተወለዱት ልጆች ግን ቀድሞውኑ የት እንደሚቆፈር አያውቁም፤ የደረቀው መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉለት።

አንድ ጠዋት ሁሉም ተያይዘው ወደ ተዘጋው መስክ ወጡ። ከብቱ ያልደረሰበት እኩሌታው ብቻ ነበር።

«አሁን መጣችሁ?» አሉ አሮጊቶቹ። «ዘብ ስንለምን የት ነበራችሁ? ይሄ ለእኛ እንኳ አይበቃም።» ትክክል ነበሩ፤ አይበቃም። ጥርስ ተገለጠ፣ ከንፈር ተገለበጠ፤ ጅራተ ጎራዳው ሳይቀር ተነሳ።

እመት ሥሬ ንግግር አላደረገችም። ከፊት የቆመውን የአያ ጎፈርን ልጅ በአንገቱ ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። ቆፈረች። አየ። የደረቀችውን ቅጠል ሳይሆን ከሥሯ ያለውን ስንጥቅ መከተል እንዳለበት ገባው፤ ቆፈረ፤ ድንጋይ አወጣ። እንደገና ቆፈረ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ነጭ ሥር ወጣች። ልጁ እንደለመደው ሊሰጣት እጁን ዘረጋ፤ እሷም መዳፉን ገፍታ ወደ አፉ መለሰችለት።

«የቆፈረ ይበላል» አለች ከዚያ በኋላ። «የበላ ዘብ ይቆማል። ያነሰውን ሁላችንም እኩል እንራባለን። በዚህ የማይስማማ ድንጋዩ እዚያው ነው።»

እናቶቹ ከልጆቻቸው ተማሩ። ወንዶቹ ይህን ማድረግ ስላሳፈራቸው ጀርባቸውን ሰጥተው በጎን እያዩ ተማሩ። ሁሉም ከሱ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ያንን በጋ አልወጡትም። ቀበሮው በሦስተኛው ቀን መጣና በመካከላቸው መንጎራደድ ጀመረ። አያ ጎፈር ግን ድንጋዩን አልለቀቀም። ሌሊት ሌሊት ልጁ ሥር ይዞለት ይወርድ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ እመት ሥሬም ታውቃለች፤ ማንም አላነሳውም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ሁሉም አቀርቅረው ሲቆፍሩ፣ ከጥምዙ በኩል የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። እጆች ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ጥቂቶቹ ተነሱ። እመት ሥሬ ቀና ሳትል ተናገረች፦

«የምትሄዱ ጉድጓዱን አልብሱት፤ አፈሩ ይደርቃል።»