እኩልነት በ15 በመቶ

በዚህች አገር እኩልነት የት አለ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ ቫት ውስጥ እለዋለሁ። ሚሊየነሩም ዘበኛውም ሳሙና ሲገዙ 15 በመቶ ይከፍላሉ፤ ፊት አይቶ ማዳላት የለም። እርግጥ ዘበኛው ደመወዙን ወር ሳይሞላ ሱቅ ስለሚያራግፍ፣ ታክሱ የገቢውን ሰፊ ቦታ ይነካለታል። ሚሊየነሩ ግን ገንዘቡን ቤትና ቦታ ላይ ስለሚያውል ይህ ዕድል የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ያሳዝናል።

ቫት በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ሕግ አውጪዎቻችን ገና ሆደ ቡቡ ነበሩ መሰለኝ፣ ውሃንና መብራትን ከታክስ ነጻ አድርገው ተዉአቸው። ሕዝቡም ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ቫት ሲታጠብ ኖረ! ይህ ብልግና የታረመው በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ነው። ጨካኞች አይደሉምና፣ ለመኖሪያ ቤት ከተወሰነ የወር ፍጆታ በታች ያለውን ማሩት። ድሃ ጥቂት ይጠቀማል፣ ሀብታም ብዙ ይጠቀማል። ሒሳቡ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ዘነጋ፤ ድሃው ቆጣሪ የለውም።

እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግቢ እንግባ። ስድስት ሰርቪስ ቤት፣ ስድስት ተከራይ፣ አንድ ቆጣሪ። ዓርብ ማታ ምጣድ በተራ ነው፤ አከራይዋ እትዬ ከበረንዳቸው ላይ «ሁለት ምጣድ አንዴ እንዳትሰኩብኝ!» እያሉ ይቆጣጠራሉ። የወሩ ቢል ሲመጣ ስድስቱ ምስኪኖች ተደምረው አንድ ከበርቴ ይወጣቸዋል። ቆጣሪ ኪሎዋት እንጂ ራስ አይቆጥርማ! በዚያው ወር አፓርታማ ውስጥ ብቻውን የሚኖረው፣ ቁርሱንም እራቱንም ሆቴል የሚበላው፣ ፍሪጁ ውስጥ ለውስኪ የሚሆን በረዶ ብቻ ያለው ጌታ ከወሰኑ በታች ይቀራል። በአዋጁ ዓይን ችግረኛው እሱ ነው። እግዜር ይርዳው።

«እንጀራማ ነጻ ነው» ይሉኛል። ነጻነቱን እንየው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት በንግድ ቆጣሪ ለምታቃጥለው መብራት ቫት ትከፍላለች። የብስኩት ፋብሪካ ቢሆን የከፈለውን ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሳል፤ የእሷ ሽያጭ ግን «ነጻ» ስለሆነ የምታቀናንስበት የላትም። ስለዚህ ወጪውን እንጀራው ላይ ትጭነዋለች፣ ወይም እንጀራውን ታሳሳዋለች። መፍትሔ ጠፍቶ አይደለም። በዜሮ ምጣኔ የሚሸጥ ዕቃ ለግብዓቱ የተከፈለው ሁሉ ይመለስለታል፤ ይህ ወግ ግን በዋናነት የተያዘው ወደ ውጭ ለሚላክ ነው። እናም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ዋሽንግተን የሚገባው እንጀራ ከቫት የጸዳ ሲሆን፣ ጉለሌ የሚበላው ግን ቫቱን በሆዱ ይዞ ይቀርባል።

ባለሙያዎች ደግሞ የረቀቀ ክርክር አላቸው። መሠረታዊ ነገር ከታክስ ነጻ ሲሆን ሀብታሙም አብሮ ይጠቀማል፤ ስለዚህ ከሁሉም ሰብስቦ ድሃውን በጥሬ ገንዘብ መደጎም ይሻላል ይላሉ። እጅግ ያማረ ሐሳብ ነው። መሰብሰቡ ተጀምሯል።

ድጎማው የመጣ ዕለት ደግሞ ተከራዩ ቫት ሲከፍል መኖሩን የሚያስረዳ ወረቀት አምጣ መባሉ አይቀርም። ቢሉ ያለው በእትዬ ስም ነው።