ፊፋ የሚባል የለም

«ጋሼ፣ ፊፋ የሚባል ጌም እኮ የለም» አለኝ።

ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ ላይ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ከሚያልፈው መሿለኪያ ብዙም በማይርቅ ጸጉር ቤት ውስጥ ወረፋ ይዘናል። ልጁ ዙሪክ የተወለደ ነው፤ አማርኛውን ከእናቱ፣ እርግጠኝነቱን ከስዊዞች ወርሷል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ሁለት ጎረምሶች ይጫወታሉ። እኔ «ፊፋውን ስትጨርሱ ለእኔም ተራ ይድረሰኝ» ከማለት በቀር ያጠፋሁት ነገር የለም።

«ኤፍሲ ነው የሚባለው» ብሎ ጨመረልኝ።

«ጋሼ» መባሌን ለጊዜው ልተወው። (አልተውኩትም፤ ግን የዛሬ ጉዳያችን አይደለም።) የከነከነኝ ሌላ ነው። ልጁ ፊፋ የለም ያለኝ ፊፋ በሚኖርበት ከተማ ቁጭ ብሎ ነው! ወደ መካነ አራዊቱ የሚወጣውን 6 ቁጥር ትራም ቢሳፈር ዙሪክበርግ ኮረብታ ላይ መሥሪያ ቤቱን በዓይኑ ያየዋል። ፊፋ በ1932 ከፓሪስ ተነስቶ እዚህ ከተማ ከገባ ወዲህ አለ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ የቤት ኪራይም በእሱ ነው የምከፍለው።) እኛ ኢትዮጵያውያን መኖሩን በደንብ እናውቃለን፤ በ2008 ፌዴሬሽናችንን አግዶ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ያስወጣን ከዚሁ ኮረብታ ላይ ሆኖ ነው።

ልጁ ግን ልክ ነው፣ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ኢኤ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1993 የመጀመሪያውን የፊፋ ጌም አወጣ፤ ከዚያ በየዓመቱ አዲስ ቁጥር እየለጠፈ ሠላሳ ዓመት ሸጠ። በግንቦት 2022 ሁለቱ መለያየታቸውን አስታወቁ። የኮረብታው ሰዎች ለስማቸው በአራት ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠይቀዋል ተብሎ በሰፊው ተዘግቦ ነበር። ኩባንያው ስሙን ትቶ ጨዋታውን ይዞ ሄደ፤ በመስከረም 2023 ኤፍሲ 24 ብሎ አወጣው። ስሙን የያዙት ደግሞ እውነተኛው ጌም የእኛን ስም የያዘው ብቻ ይሆናል አሉ። አንዱ ወገን ስም የሌለው ጨዋታ፣ ሌላው ጨዋታ የሌለው ስም ይዞ ቀረ። መሐል ቤት ጆይስቲክ ይዞ የቀረውን የጠየቀ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኛ አዲስ አበባ ስናድግ ያደግነው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንባቢ ያውቀዋል፤ የቆርቆሮ ክፍል፣ በር ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበር፣ ሦስት ቴሌቪዥን፣ አየር የለም። ሕጉ አጭር ነበር፦ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሳል። መብራት ከጠፋ እየመራ የነበረው «አሸንፌያለሁ» ይላል፣ እየተመራ የነበረው «ከመጀመሪያው» ይላል፣ ባለቤቱ የሁለቱንም ሂሳብ ይቀበላል። ከጆይስቲኮቹ አንዱ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ይሄዳል፤ እሱ ለእንግዳ የሚሰጥ ነው። ሲዲው ኮፒ ነው። እኔ «የብዙ ዓመት ደንበኛ» እያልኩ የምሟገትለት ልጅነት ለየትኛውም ኩባንያ አንድ ሳንቲም አስገብቶ አያውቅም፤ ግን ይህን ነገር ለጠበቃ እንጂ ለአንባቢ ማንሳት አያስፈልግም።

ደግሞም በእኛ ሰፈር የሚነግሠው ፊፋ አልነበረም። የጃፓኑ የኮናሚ ጨዋታ ነበር፤ መጀመሪያ ዊኒንግ ኢለቨን፣ ኋላ ፔስ ያልነው። ፔስ 6 ላይ የኢንተሩ አድሪያኖ የምት ኃይሉ 99 ነው። ከመሐል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ በግራ እግሩ ከለቀቃት በረኛው የሚያደርገው ነገር የለም፤ መዝለሉም ለይሉኝታ ነው። ስለዚህ ኢንተርን መምረጥ በሽማግሌ ተከለከለ። የተከለከለበት ቀን አንድ ልጅ አኩርፎ ወጣ፤ አድሪያኖን ከወሰዳችሁብኝ ምን ቀረኝ ብሎ። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ አሁንም ጉዳዩን ያነሳል። ፊፋ የሚጫወቱት ቤታቸው የራሳቸው ማሽን ያላቸው ልጆች ነበሩ፤ እኛ ደግሞ እንንቃቸው ነበር፣ ምክንያቱም ቤታቸው የራሳቸው ማሽን ነበራቸው። ኋላ እኔም ወደ ፊፋ ተሻገርኩ። በየትኛው ዓመት እንደሆነ የድሮ ጓደኞቼ ባያውቁት ይሻላል።

ኮናሚስ ምን ሆነ? በ2021 ፔስ የሚለውን ስም ጥሎ ኢፉትቦል ብሎ በነፃ ለቀቀው። በወጣ ሰሞን ሜሲንና ሮናልዶን የወለዷቸው እናቶች ራሳቸው አይለዩአቸውም ነበር። ስቲም በሚባለው መደብር ከሁሉ የከፋ አስተያየት የተሰጠው ጌም እስከ መባል ደረሰ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። እሺ፣ ይህ አለፈ። በጥቅምት 2024 ግን ፊፋ የኮምፒውተር ጨዋታ የዓለም ዋንጫውን ከማን ጋር እንደሚያዘጋጅ ቢያስታውቅ ጥሩ ነው? ከኮናሚ ጋር፣ በኢፉትቦል! ጊዮርጊስ ቡናማና ቢጫ ለብሶ ስታዲየም ሲገባ ማየት ነው። እነዚያ በአግዳሚ ወንበር ላይ ፔስ ወይስ ፊፋ ተባብለን የተኳረፍንባቸው ቀኖች አሁን ለማን ናቸው?

ይህን ምሬቴን ጄኔቫ ላለ ጓደኛዬ በስልክ ብነግረው ሳቀ። የጄኔቫ ሰው ዙሪክ ሲዋረድ ደስ ይለዋል። ኢኤ የዙሪኩን ስም ቢጥልም የቻምፒየንስ ሊግን ፈቃድ አልጣለም፤ የቻምፒየንስ ሊግ ባለቤት ዩኤፋ ደግሞ ኒዮን ነው፣ ከጄኔቫ በባቡር ቅርብ። «ዋናው እኛ ጋ ነው» አለኝ፣ ኒዮን ላይ መሬት ያለው ይመስል።

አንድ ነገር ግን በሳቅ አላልፈውም። ስም ይቀየር፣ ጌጥ ነው። የተቀየረው ጨዋታው ነው። አልቲሜት ቲም የሚባል ከ2009 ጀምሮ የገባ ነገር አለ፤ ቡድንህን የምትሠራው ከታሸገ ፓኬት በሚወጡ ተጫዋቾች ነው። ፓኬቱን በጨዋታ ማግኘት ይቻላል፣ በገንዘብ መግዛትም ይቻላል። ምን እንደገዛህ የምታውቀው ከከፈልክ በኋላ ነው። ላንግሽትራሰ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ፈቃድ አለህ ይባላል፣ የገባው ሰው ዕድሜ ይጠየቃል። ቤልጂየም በ2018 ይህ ቁማር ነው አለች፤ ኩባንያው በጥር 2019 መጨረሻ እዚያ የፓኬት መግዣ ነጥቦቹን በገንዘብ መሸጥ አቆመ። ሌላ ቦታ ቀጠለ። ለብራስልስ ልጅ የሚጎዳው ነገር ለዙሪክ ልጅ ቫይታሚን ነው? በ2021 የበጀት ዓመት ኩባንያው ከዚህ ዓይነቱ ሽያጭ ብቻ 1.62 ቢሊዮን ዶላር አስገብቷል፤ ትልቁ ድርሻ የፊፋ ነው። የተሸነፈ ይከፍላል የሚለውን ሕግ እኔ ተቀብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ያሸነፈም የተሸነፈም፣ ተራውን የሚጠብቀውም የሚከፍልበትን ቤት ግን አላውቅም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የኪስ ገንዘቡን ይዞ አንድ ተጫዋች ይወጣልኛል ብሎ ሌሊቱን ሲያነጋ ይህ ስፖርት አይደለም፣ ዘረፋ ነው፤ ሣሩ የቱንም ያህል እውነተኛ ይምሰል።

ሣሩ ደግሞ እውነተኛ ይመስላል፣ አልዋሽም። ማንም ሰው ግዛ ተብሎ በዱላ አይገደድም፤ ቀደም ብዬ ያልኩትን እናቶች የማይለዩት ፊት እዚህ አታገኙም፤ የሴቶች ቡድኖችም ገብተዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወትም አልተከለከለም፣ ያ ጸጉር ቤት ምስክር ነው። በ2025 መስከረም ደግሞ የሳዑዲው የመንግሥት ፈንድና ሸሪኮቹ ኢኤን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማታቸው ተነገረ። የ2034ን የዓለም ዋንጫ ለሳዑዲ የሰጠው ፊፋ ነው። ስለዚህ የተጣሉት ሁለቱ አንድ ግብዣ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም፤ ያን ቀን ስሙ ወደ ጨዋታው ከተመለሰ ልጁ ምን ብሎ እንደሚያርመኝ አያለሁ።

እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅ። ዙሪክም ሆነ ጄኔቫ አካባቢ ያላችሁ፣ ምድር ቤት የተቀመጠ የሚሠራ ፒኤስ 2 ካላችሁ አትጣሉት። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዱን ለአሁኑ ቴሌቪዥን የሚያገናኘው ዕቃ እኔ ጋ አለ። ፔስ 6ም አለ። ኢንተርን ግን አንመርጥም።