የባሌስትራ ቅሬ

ገራዶ ውስጥ ባለመኪና ሁለት ጌታ አለው፦ አበዳሪውና መንገዱ። አበዳሪ እንኳ በሽማግሌ ይለመናል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ አትክልት ማሳው የሚያስገባውን መንገድ ግን ማን ይለምነዋል? በበጋ ድንጋይ ነው፣ በክረምት ጭቃ፤ በሁለቱም ወቅት የመኪና ሆድ ይፍቃል። ስለዚህ የሰፈራችን ጎረምሶች መድኃኒቱን አግኝተናል ብለው ከተስማሙ ቆይተዋል፤ መኪናን ከፍ ማድረግ!

ከነሱ አንዱ የሆነው ጎረቤቴ ከገራዶ ሽንኩርት እየጫነ ደሴ የሚያወጣበት አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 የጀመረው የ70 ተከታታይ ዘር ናት። የዚህ ዘር ፒካፖች እስከ 1999 ድረስ ፊታቸውም ኋላቸውም ባሌስትራ ነበር፤ እሷም ከእነዚያ አንዷ ናት። ልጁ በየጎማው ሁለት ሁለት ብረት አስጨመረ፤ ባሌስትራው የሚንጠለጠልበትንም ማንጠልጠያ አስረዘመ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። መንደሩ «ሸጋ ናት!» አለ። ሰኞ ለት ወደ ሰኞ ገበያ ሊሳፈሩ የመጡት እናቱ ብቻ በሩን ከፍተው ሽቅብ አዩና፣ «መሰላሉን ለብቻ ነው የሚሸጡት?» ብለው ጠየቁ።

የመሳፈሩ ነገር በበርጩማ ተፈታ። መቀመጡ ግን አልተፈታም። ሽንኩርቱን ጢም አድርጋ ወደ ደሴ ስትወጣ ደህና ናት። ባዶዋን ስትመለስ ነው ጉዱ! ጠጠር በረገጠች ቁጥር ተሳፋሪው ከጣሪያው ጋር ይተዋወቃል። ሽንኩርቱ በሰላም ይደርሳል፤ የሚላጠው ነጋዴው ነው። አንድ ቀን እንቁላል ይዘው የተሳፈሩ ሴትዮ ገራዶ ሲደርሱ፣ «የቀረኝ መጥበስ ብቻ ነው» አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባሌስትራ ላይ ብረት ሲጨመር የሚጨመረው ቁመት ብቻ አይደለም፤ ግትርነትም አብሮ ይመጣል። በተለይ ውፍረት ክፉ ነው። 8 ሚሊ ሜትር የነበረውን ብረት ርዝመቱና ወርዱ ሳይለወጥ በ10 ሚሊ ሜትር ብትተኩት፣ ግትርነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሁለት ሚሊ ሜትር ለዓይን ምንም አይደለችም፤ ወገብ ግን ያውቃታል።

ልጁ ተማርሮ ደሴ አንድ አንጋፋ ባሌስትራ ሠሪ ዘንድ ሄደ። አብሬው ነበርኩ። ሽማግሌው ከሥር ተንበርክከው ብረቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱና ሳቁ።

«አብሽር፣ ልጄ። መኪናህ አልታመመችም፤ ቅሬዋ በዝቶባት ነው» አሉ፤ ቅሬ የእኛ አገር የቀብር እድር ነው።

«እንዴት ጋሼ?»

«ባሌስትራ ማለት ቅሬ ነው። ሬሳ ሲኖር ሁሉም ትከሻውን ያቀርባል። ሬሳ በሌለበት ቀን ቅሬውን በሙሉ ደጅህ ብትጠራው ምን ይሠራል? እርስ በርሱ ይፋተጋል!»

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። የተጨመሩት ብረቶች ወጡ። የቀሩት ተፈታትተው ዝገታቸው ተፋቀ፤ በመካከላቸው ግራሶ ተቀባ። ከሥር ያለውንና ጭነት ሲከብድ ብቻ የሚደግፈውን ወፍራም ብረት አልነኩትም፤ «የሽንኩርቱ ቀን እሱ ይመጣል» አሉ።

ወደ መኪናዋ ፊት ሲዞሩ ግን ሳቃቸው ጠፋ። ማንጠልጠያ በ10 ሳንቲ ሜትር ቢረዝም መኪናዋ የምትነሳው የዚያን ግማሽ ያህል ነው፤ የባሌስትራው ሌላ ጫፍ ከቦታው አይንቀሳቀስማ። በዚህ መሀል አክሱ ያዘነብላል፤ መሪም ራሱን ቀጥ አድርጎ መመለሱን ይረሳል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል የፍሬኑ ቱቦ ይወጠራል፤ አሞርዛተሩም ያጥራል። በዚህ ላይ የመኪናዋ ክብደት ሽቅብ ወጥቷል። እንዲህ ሆና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ የምትወርድ መኪና ከሹፌሩ ይልቅ ዱዓና ጸሎት ነው የሚነዳት። ማንጠልጠያው በቀድሞው ተተካ።

እ.ኤ.አ. በ1804 ኦባዳያ ኤሊየት የሚባል እንግሊዛዊ ሠረገላ ሠሪ ሞላላውን ባሌስትራ በስሙ ሲያስመዘግብ፣ የተሳፋሪን አጥንት ለማሳረፍ እንጂ ጎረቤት ለማስቀናት አልነበረም። ባሌስትራ ሥራው መታጠፍ ነው። እንዳይታጠፍ ካደረጋችሁት የሚታጠፈው ተሳፋሪው ነው።

የወጡት ብረቶች ቀጥቃጭ ቤት ሄደው ቢላዋ ሆኑ። ጥሩ ብረት ነው፤ ስለት ይይዛል። አንዱ እኛ ቤት ሽንኩርት ይከትፋል።

እናንተም መኪናችሁን ከፍ ከማስደረጋችሁ በፊት በሳምንት ስንት ቀን ምን ያህል እንደምትጭኑ አስቡ። ሁልጊዜ ከባድ የምትጭኑ ከሆነ ብረት ጨምሩ፤ የፍሬኑን ቱቦና አሞርዛተሩን ግን አብራችሁ አስረዝሙ። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የምትነዱ ከሆነ ፋብሪካው የሰጣችሁ ቁመት ይበቃችኋል።